በእጥፍ የተጠየቀው ካምፓስ

ሰውየውን በመዝገብ ስሙ የሚያውቀው የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮ ብቻ ነው። ለቀረው የዩኒቨርሲቲ ሰው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ፕሬዚዳንቱ፣ ጋሽ ሚሊ ነው። ስሙ የወጣለት ገና በተቀጠረ በመጀመሪያው ዓመት ነው። አንድ ዲን የቢሮውን በር እንዲያስተካክልለት አዞት፣ ስብሰባ ሊገባ ቸኩሎ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሰውዬው በሩን ይገጥማል፣ ይነቅላል፣ ይልጋል፣ እንደገና ይገጥማል። «ምን ቀረህ?» ቢለው «አንድ ሚሊ።» ከሩብ ሰዓት በኋላ «አሁንስ?» ቢለው «አንድ ሚሊ።» ዲኑን ስብሰባው አመለጠው፤ በሩ ግን ይኸው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጥ ሳይል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዲኑ ጡረታ ወጥቷል፤ በሩ አልወጣም።

ወርክሾፑ ከካምፓሱ ጀርባ፣ ዳገቱ ከሚጀምርበት ሥር ያለች ባለ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ናት። ሃያ ሜትር በአሥር ሜትር፣ ሦስት መስኮት፣ ሁለት የሥራ ጠረጴዛ፣ አንድ ያረጀ ሞርሳ። ከማገሩ ላይ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ተንጠልጥለው፣ እንደ ሐኪም ቤት ሰው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቤቷን የሚጋራው ቀለም ቀቢው ነው፤ በሩ ላይ «እንጨቱን እንጂ ጣትህን አትቁረጥ» ብሎ በትልቁ የጻፈው እሱ ነው፤ ጽሑፉን ሲጽፍ ከመሰላል ወድቆ ክንዱን መሰበሩን ግን ለማንም አይናገርም። ጋሽ ሚሊ ሁለት ልጆቹን ያሳደገው እዚህች ቤት ውስጥ በፈሰሰ ላብ ነው። ጠዋት በሩን ሲከፍት የእንጨቱ ሽታ ፊቱን ሲመታው ደስ የሚለው ነገር አለ። ይህን ለሚስቱ እንኳ ነግሯት አያውቅም፤ ትስቅበታለችና።

አሁን የዚህን ግቢ አንድ ልማድ ካላወራሁ የሚቀጥለው አይገባም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው። የፕላን ቢሮውን ለረጅም ዘመን የመሩት ሽማግሌ አንድ ቀይ እስክሪብቶ ነበራቸው። ማንኛውም የትምህርት ክፍል ማንኛውንም ነገር ሲጠይቅ፣ ማመልከቻውን ሳያነቡ ቁጥሩን ብቻ ፈልገው በግማሽ ይቆርጡታል። አሥራ ሁለት መደርደሪያ? ስድስት። ሰማንያ ወንበር? አርባ። የትምህርት ክፍሎቹም ሞኞች አልነበሩም፤ ስድስት ሲያምራቸው አሥራ ሁለት ብለው መጻፍ ጀመሩ። ክፍሎቹ እጥፍ እንደሚጽፉ ሽማግሌው ያውቃሉ፤ ክፍሎቹም የሽማግሌውን ማወቅ ያውቃሉ፤ ሁሉም የልቡን አግኝቶ በሰላም ይኖራል። ውሸት ነው እንዳይባል የማያውቀው የለም፣ እውነት ነው እንዳይባል ወረቀቱ አለ።

ጋሽ ሚሊ ልማዱን የለመደው በእንጨት በኩል ነው። የሥራ ማዘዣው እጁ ሲገባ አሥራ ሁለቱ በቀይ ተሰርዞ ስድስት ሆኖ ያገኘዋል። እሱም ጣውላ ሲጠይቅ እጥፍ ይጽፋል፣ ግማሹ ይመጣለታል፣ ይበቃዋል። አንድ ዓመት ግን ሽማግሌው ሁለት ወር ታመው ተኙ። የተተካው ሰው ቀይ እስክሪብቶ አልነበረውምና ያገኘውን ሁሉ እንዳለ ፈረመ። አንድ ቀን ጠዋት ወርክሾፑ በር ላይ ሙሉ የጭነት መኪና ቀይ እንጨት መጣ፤ የሚያምር፣ ከባድ፣ ቅንጣት ቋጠሮ የሌለበት። ጋሽ ሚሊ ግራ ገብቶት ወደ ሾፌሩ አየ፤ ሾፌሩ ወረቀቱን አሳየው። ግማሹን መመለስ ይገባው ነበር። አልመለሰም። ከወርክሾፑ ጀርባ ደርድሮ ላስቲክ አለበሰው፣ ለማንም አልተናገረም፣ ሆድ ይፍጀው አለ።

ከዚያ ክምር የነካው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍቱ አሥራ ሁለት ወንበር ሠርቶበታል። ምክንያቱም የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ በዚህ ግቢ ውስጥ እጥፍ ጽፋ የማታውቅ ብቸኛ ሰው ናት። አርባ ወንበር ስትፈልግ አርባ ትጽፋለች፤ ሃያ ይመጣላታል። በዚህ የተነሳ ተማሪው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያነባል።

«እጥፍ አድርገው ይጻፉት እንጂ፣ እትዬ» ብሎ መክሯት ነበር አንድ ቀን።

«ልጆቹ አርባ ናቸዋ!» አለችው፤ «ሰማንያ ብዬ የማንን ልጅ ላምጣ?»

እንዲህ ተኑሮ ሽማግሌው ጡረታ ወጡ። በምትካቸው ከሌላ ከተማ አንዲት አርክቴክት መጣች፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ስትራመድ ትሮጣለች፣ ስትናገር ትጽፋለች። መጀመሪያ የተሰጣት ሥራ ካምፓሱ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዴት እንደሚያድግ ማስተር ፕላን ማውጣት ነበር። ለየትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ላከች፤ በሃያ ዓመት ስንት ተማሪ ትጠብቃላችሁ? ስንት የምርምር ላቦራቶሪ ያስፈልጋችኋል? የትምህርት ክፍሎቹ እንደ አባት እንደ እናታቸው እጥፍ አድርገው መለሱ። መልሱን የሚያሰባስቡት ዲኖች ደግሞ ወረቀቱን አዩና «አዲስ ሰው ነች፣ ይበልጥ ትቆርጥ ይሆናል» ብለው ለጥንቃቄ ያንኑ እንደገና እጥፍ አደረጉት። አርክቴክቷ ቀይ እስክሪብቶ የላትም። የተጻፈላትን አምና ደመረችው፤ አምስት ወር ሙሉ ደመረችው።

ከዚያ ወርክሾፕ መጣች። ክንዷ ሥር ረጅም የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች።

«ጋሽ ሚሊ እርስዎ ነዎት? የካምፓሱን ሞዴል በእንጨት እንዲሠሩልኝ ነው። ሰሌዳው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ይሁን፤ ሕንፃዎቹ የሚነሱ፣ የሚቀመጡ። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎቹን ሰብስቤ እያንዳንዱ የራሱን በእጁ እንዲያስቀምጥ እፈልጋለሁ። ስኬሉ አንድ ለአምስት መቶ ነው።»

ጋሽ ሚሊ በሐሳቡ አሰላ። «እና እኔ አንድ ሚሊ ብሳሳት ግማሽ ሜትር ጠፋ ማለት ነው።»

«አዎ።»

«የሰው በር ነው እኮ!»

«በር ነው» አለች፣ ሳቀች። ጋሽ ሚሊ ወደዳት።

ዝርዝሩን ተቀበላት። አንደኛው ገጽ ባሉበት የሚቆዩት ሕንፃዎች ናቸው፤ ሠላሳ። የቀረው ገጽ አዲስ የሚሠሩት ነው፤ ስልሳ አምስት። መነጽሩን አደረገና የመጀመሪያውን ገጽ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበው።

«የኛ ቤት የለችም» አለ።

አርክቴክቷ መሬት መሬት አየች። «ትነሳለች፣ ጋሽ ሚሊ። እዚህ ላይ የምርምር ላቦራቶሪ ነው የሚመጣው፤ ሌላ ቦታ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። የአናጺ ሥራ ከእንግዲህ ከውጭ ይገዛል ተብሏል። ጡረታዎ ስንት ዓመት ቀረው?»

«አራት።»

«ንብረት ክፍል ይመደባሉ። ሥራው ቀላል ነው፣ ቁጭ ብሎ ነው።»

ቁጭ ብሎ! ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለሌላው መቀመጫ ሲሠራ ቆሞ ለኖረ ሰው «ቁጭ ብሎ» ምን ማለት እንደሆነ ልጅቷ በምን ታውቀዋለች? ጋሽ ሚሊ ቅስሙ ስብር አለ። የተናገረው ግን «ለመቼ ነው የሚደርሰው?» ብቻ ነው።

«በሁለት ሳምንት።»

ከሄደች በኋላ ጥቂት ቆመና ከወርክሾፑ ጀርባ ዞሮ ላስቲኩን ገለጠ። ለስልሳ አምስት ሕንፃ የሚበቃ እንጨት ሌላ ቦታ ከየት ይመጣል? ደግሞ ቤቷ መፍረሷ ካልቀረ ክምሩም መገኘቱ አይቀርም። ቀዩን እንጨት ወደ ውስጥ ያስገባ ጀመር።

ሥራው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አሰኘው። ሰው ቢከፋውም እጁ አይከፋውም። ይቆርጣል፣ ይልጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ማዕዘኑን በእስኳድራ ይለካል። እያንዳንዷን ቁራጭ ከሥሯ የባለቤቷን ስም በእርሳስ ይጽፍባታል፤ ኬሚስትሪ ስምንት፣ ሕክምና አሥር፣ ቤተ መጻሕፍት አንድ። ቀለም ቀቢው ነባሮቹን ሠላሳ ሕንፃዎች ነጭ እየቀባ ይተርበዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ የራስህን ቤት ማፍረሻ እኮ ነው በብርጭቆ ወረቀት የምታለሰልሰው።»

«ሻካራ ቢሆን ይሻለኛል?»

«እኔማ ብሆን የላቦራቶሪዋን ቁራጭ አጣምሜ ነበር የምቆርጣት። ቆማ እንድትወዛወዝ።»

ጋሽ ሚሊ ይህን እንደ ቀልድ እንኳ መስማት አልፈለገም። የተጣመመ ነገር ከእጁ ሊወጣ!

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉም አለቀ። ሰሌዳውን በሁለቱ የሥራ ጠረጴዛዎች ላይ አጋደሙና ለሙከራ ይደረድሩ ጀመር። መጀመሪያ ነጮቹ በየቦታቸው ተቀመጡ። ከዚያ ቀዮቹ። አርባ ሲደርሱ መንገዶቹ ጠፉ። ሃምሳ ሲደርሱ ኳስ ሜዳው ጠፋ። ሃምሳ ስምንተኛዋን ዋናው በር ላይ አስቀመጧት። ዳገቱ ላይ እንዳይወጡ ሕንፃ አይሠራበትም። ሰባቱ ጋሽ ሚሊ እቅፍ ውስጥ ቀሩ።

«ተሳስተሃል» አለ ቀለም ቀቢው፣ በደስታ። ሃያ ዓመት ይህን ቀን ሲጠብቅ ኖሯል።

ጋሽ ሚሊ ሜትሩን አውጥቶ ስልሳ አምስቱንም አንድ በአንድ እንደገና ለካ። አንዲት ሚሊ ዝንፍ ያለች የለችም። ሽማግሌው ከታመሙበት ዓመት ወዲህ የሥራ ማዘዣ በቀይ ተሰርዞ ሳይደርሰው ሲቀር ይኼ የመጀመሪያው እንደሆነ ያኔ ትዝ አለው። ኬሚስትሪ ስምንት። የኬሚስትሪው ኃላፊ በሕይወቱ ስምንት ነገር ፈልጎ አያውቅም፤ አራት ሲፈልግ ነው ስምንት የሚለው። ጋሽ ሚሊ እቅፉ ውስጥ ያሉትን ሰባት ሕንፃዎች መሬት ላይ አስቀምጦ ራሱን ያዘ።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስቱ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም አገኛት። የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ባሏን ጨምሮ ሰውን ሁሉ ስድስተኛ ክፍል አድርጋ ታያለች። ነገሩን ከሥር ጀምሮ አወራላት።

«አሁን ስንት ተማሪ አላችሁ?» አለችው፣ ብዕሯን ሳታስቀምጥ።

«አሥራ አራት ሺህ።»

«በፕላኑ ላይ በሃያ ዓመት ስንት ይላል?»

«መቶ አሥራ ሁለት ሺህ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ይኼ ከተማ እኮ ሕዝቡ ዘጠና ሺህ ነው! አራሱም፣ ሽማግሌውም፣ እኔም ብመዘገብ ሃያ ሁለት ሺህ ወንበር ባዶ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ደብተሩን ገልብጣ ጀርባው ላይ አካፈለች። «ለሁለት... ሃምሳ ስድስት። አሁንም ብዙ ነው። እንደገና ለሁለት... ሃያ ስምንት ሺህ። የአሁኑ እጥፍ። ይኼ ቁጥር ሰው ይመስላል። ሁለቴ ነው ያጠፉት፤ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከላይ።»

ጋሽ ሚሊ ደብተሩን ስቦ ያካፈለችውን አየ።

«ሄደህ ንገራት።»

«ብቻዋን ብነግራት ወርክሾፑን ሊያስጥል መጣ ትላለች። ሰው ፊት ብናገር ደግሞ ስንት ዘመን አብሬያቸው የኖርኩትን ሰዎች ማሳጣት ነው። ደግሞ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ እኔስ? ያ ሞዴል የተሠራበት እንጨት... »

«ቀዩ እንጨት?»

«ማን ነገረሽ?»

«የቤተ መጻሕፍቱን ወንበሮች ስትሠራ ሸሚዝህ ወር ሙሉ ቀይ ሰጋቱራ ነበር። አንተ ሰውዬ፣ ልብስህን እኔ አይደለሁ የማራግፈው? አንድ ቀን ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።» ሳቋን ለቀቀችው። ከዚያ ሳቋን ገታ አደረገችና ዓይን ዓይኑን አየችው። «ከራስህ ጀምር። ሰው ከራሱ ሲጀምር ሌላው አይቆጣም።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወርክሾፕ ገባ። ከቆረጠው ቀይ እንጨት አንዲት ትንሽ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ተርፋ ነበር። ቁጭ ብሎ የቤቷን አምሳያ ሠራ፤ ጣሪያዋን ሳይቀር ዘንበል አደረጋት፣ ሦስቱን መስኮቶች በመሮ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው። ልኳን አስቦበት አልቆረጠም፤ እጁ እንደ ልማዱ ቆረጠ። ኮት ኪሱ ውስጥ ከተታትና ወደ ቤቱ ሄደ።

ማክሰኞ ስብሰባው ተጠራ። አዳራሹ መሃል ሰሌዳው ተዘርግቷል፤ ዙሪያውን ዲኖችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ከበውታል። ጋሽ ሚሊ ምናልባት አንድ ነገር ቢሰበር ተብሎ መሣሪያ ቦርሳውን ይዞ ግድግዳ ጥግ ቆሟል። አርክቴክቷ ለየሰዉ የየራሱን ሕንፃ አደለችና «በሉ፣ አስቀምጡ» አለች።

የተማረ ሰው መጫወቻ ሲሰጡት ማየት ነበር። መጀመሪያ ተግባቡ። ከዚያ ተገፋፉ። «ክንድህን አንሳልኝ፣ ፊዚክስ ላይ ተኝተሃል!» «ሜዳውን ማን ወሰደው?» የኬሚስትሪው ኃላፊ፣ መላጣ፣ ደልዳላ፣ ሳቂታ ሰው ነው፣ ስምንተኛዋን ሕንፃ ይዞ ሲዞር ሲዞር ዋናው በር ላይ አስቀመጣት።

«ተማሪው በምን ይግባ ታዲያ?» አለው ከጎኑ ያለው።

«በኬሚስትሪ በኩል ይግባ! ምን ይሆናል? ዕውቀት ነው።»

በመጨረሻ ሰባት ሕንፃዎች በሰው እጅ ላይ ቀሩ፤ ማስቀመጫ የላቸውም። መገፋፋቱ ቆመ። አርክቴክቷ ፊቷ ነጣ። ወረቀቷን አየች፣ ሰሌዳውን አየች። በመጨረሻ ዞር ብላ ቀስ አድርጋ ጠየቀችው።

«ጋሽ ሚሊ፣ ምናልባት ልኬቱ ላይ... ትንሽ ስህተት ይኖር ይሆን?»

ሁሉም ዞረው አዩት። የኬሚስትሪው ኃላፊ ሊያድነው ብሎ፣ ደግነቱ ይገድለዋል፣ «እንጨት እኮ ያብጣል» አለ። «ክረምት ላይ ያብጣል።»

ጋሽ ሚሊ ደሙ ወደ ጆሮው ወጣ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት! ቤቱን ያፍርሱበት፣ ንብረት ክፍል ቁጭ ያድርጉት፤ ይህን ሁሉ ችሎ ነበር። ከእጁ የወጣ ሥራ ሰው ፊት አበጠ ሲባል ግን አልቻለም። ቆቡን አወለቀና ወደ ሰሌዳው መጣ።

«እንጨቱ አላበጠም፣ ዶክተር። ያበጠው ቁጥሩ ነው።»

የሚስቱ ምክር ትዝ አለው፤ ከራስህ ጀምር።

«ከኔ ልጀምር። እኔ በዚህ ግቢ ውስጥ እንጨት ስጠይቅ አንድም ቀን የምፈልገውን ጽፌ አላውቅም። እጥፍ ነው የምጽፈው። ስለሚቆረጥ። አንድ ዓመት ግን የሚቆርጠው ሰው ታሞ ሁሉም መጣልኝ። መመለስ ነበረብኝ፤ ደበቅኩት። ዘጠኝ ዓመት ደብቄዋለሁ። ይኸው ፊታችሁ ያለው፣ ኬሚስትሪም፣ ሕክምናም፣ ያ እንጨት ነው።» ወደ አርክቴክቷ ዞረ። «ልጄ፣ አንቺ የምትቆርጪ መስሎት ነው ሰው የጻፈልሽ። እኔ ያየሁት ይህን ነው። የቀረውን ባለቤቶቹ ያውቃሉ።»

የኬሚስትሪው ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። እጁን ዘርግቶ ከስምንቱ ሕንፃዎቹ አራቱን አንድ በአንድ አነሳና ደረቱ ላይ አቀፋቸው፤ በሩ ላይ ከነበረችው ነው የጀመረው። «በቃ፣ እኔም እጥፍ ነው የጻፍኩት» አለ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።»

ከዚያ በኋላ ማን ይቀራል? ፊዚክስ አነሳ፣ ሕክምና አነሳ፣ እርሻ አነሳ። ስልሳ አራቱ ሠላሳ ሁለት ሆኑ። ኳስ ሜዳው ብቅ አለ።

አርክቴክቷ ወረቀቷ ላይ አሰላች። «አሁንም እኮ ሃምሳ ስድስት ሺህ ተማሪ ነው!»

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎቹ በሙሉ ዲኖቹን አዩ። ዲኖቹ ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ላይ ምንም ስላልነበረ አንደኛው ዲን ዓይኑን ማውረድ ግድ ሆነበት።

«ለጥንቃቄ ነበር» አለ። ተነስቶም ከኬሚስትሪው አራት ሕንፃ ሁለቱን አነሳ።

ሠላሳ ሁለቱ አሥራ ስድስት ሆኑ። መንገዶቹ ተመለሱ። በመሃሉ አንድ ዲን በሞቅታ ቤተ መጻሕፍቱን ሊያነሳ እጁን ሲሰድ የቤተ መጻሕፍቷ ኃላፊ መዳፏን ከላዩ ጫነችበት። «ይቺን አልሰጥም። የጠየቅኩት የሚያስፈልገኝን ነው።»

«እውነቷን ነው» አለ ጋሽ ሚሊ። «እትዬ አጥፈው አያውቁም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማዘዣቸውን አይቻለሁ። አርባ ብለው ሃያ ሲመጣላቸው የኖሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

ኃላፊዋ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ ቋጥሮ ነበር፤ ቶሎ ብላ መነጽሯን ጠረገች። አሥራ ሁለቱ ወንበሮች ከየት እንደመጡላት የገባት ያን ጊዜ ነው። ቤተ መጻሕፍቷ ካለችበት አልተነካችም።

አርክቴክቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አምስት ወር!» አለች። «አምስት ወር ስደምር! እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የኬሚስትሪው ኃላፊ ነው የመለሰላት፤ በእውነት ግራ ገብቶት ነበር። «የምታውቂው መስሎን ነዋ!»

«ቁጣዋ የመጣ መስሎኝ ነበር» አለ ቀለም ቀቢው በኋላ፤ በበሩ ስንጥቅ ያይ ነበር። ግን ከንፈሯ ተንቀጠቀጠና ሳቅ አመለጣት። እሷ ስትስቅ አዳራሹ በሙሉ ተከተላት፤ ዲኖቹም ሳቁ፤ አንዳንዶቹ ሕንፃ እንዳቀፉ።

ሳቁ ጋብ ሲል ሰሌዳውን ጎንበስ ብላ አየች። ከዳገቱ ሥር፣ ላቦራቶሪዋ የተነሳችበት ቦታ፣ ባዶ ሆኗል። ጣቷን እዚያ ላይ አደረገች።

«ጋሽ ሚሊ፣ ወርክሾፑ ስንት ካሬ ይፈልጋል? ለሃያ ዓመት አስበው ይንገሩኝ። እንዳሉኝ ነው የምጽፈው።»

እንዳሉኝ! ጋሽ ሚሊ ልቡ ዘለለች። እጁን ኮት ኪሱ ከተተና ያቺን ቁራጭ ጨበጣት። ጨብጧት ደረቀ። ጣቱ ሜትር ነው፤ ሳያይ አወቃት። ሰማንያ ሚሊ በሃያ። ቤቷ በዚህ ስኬል አርባ በሃያ ናት። ግማሹ ይቆረጥብኛል ብሎ እጁ በራሱ ፈቃድ አጥፏታል።

ዝም ብሎ ቢያስቀምጣት ማንም አያውቅም ነበር። ሰሌዳው ሰፊ ነው፣ ልጅቷ ቀይ እስክሪብቶ የላትም። ቁራጯን አውጥቶ ለሁሉም ከፍ አድርጎ አሳየ።

«እንግዲህ እዩልኝ» አለ። «ይህን ሁሉ ተናግሬ፣ ይቺንም አጥፌ ነው የቆረጥኳት።»

ከፊተኛው የባሰ ሳቅ ሆነ። የኬሚስትሪው ኃላፊ ጠረጴዛውን ይዞ ነው የቆመው። ጋሽ ሚሊ ግን አልሳቀም፤ ከቦርሳው ትንሿን መጋዝ አወጣ፣ ቁራጯን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደግፎ፣ ለካ፣ እንደገና ለካ፣ ቆረጣት። ቀዩ ሰጋቱራ አርክቴክቷ ወረቀት ላይ ረገፈ። አንደኛዋን ግማሽ ከዳገቱ ሥር፣ በትክክል ቤቷ ባለችበት፣ አስቀመጣት። ሌላዋን ወደ ኪሱ ሊመልሳት ሲል አርክቴክቷ እጇን ዘረጋች።

«ያቺን ይስጡኝ።»

ከተቀመጠችው አጠገብ አስቀመጠቻትና ዙሪያዋን በእርሳስ በነጠብጣብ መስመር ከበበቻት። ከዚያ ቁራጯን አንስታ መለሰችለት። ሰሌዳው ላይ ባዶ ሳጥን ቀረ። «ሕንፃው ዛሬ አያስፈልግም፤ ቦታው ግን ይቆያል» አለች። «ለሌሎቹም ሁሉ እንዲህ አደርጋለሁ። ሲያድጉ የሚያድጉበት።»

ጋሽ ሚሊ ባዶውን ሳጥን አየ። «በሃያ ዓመት እኔ የለሁም እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። የሚመጣው አናጺ ግን ይኖራል።»

የሚመጣው አናጺ። ይህን ሰው አስቦት አያውቅም ነበር። እዚያች በር ላይ ቆሞ ጠዋት ጠዋት የእንጨት ሽታ የሚመታው፣ ስሙን ማንም ገና ያላወጣለት ሰው። ደስ አለው፤ ከደስታው ጋር ሌላም ነገር ነበረበት። ሰው እንዳያየው ብሎ ጎንበስ አለና ማስመሪያውን ከቦርሳው አወጣ። የነጠብጣቡን ሳጥን በቁመቱ ለካ፣ በወርዱ ለካ። ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ሆነ?» አለች አርክቴክቷ።

«አንድ ሚሊ ይጎድላል» አለ። «ግማሽ ሜትር ነው። ይጠበዋል።»

አርክቴክቷ ላጲስ አነሳች፣ መስመሩን አጠፋችና እንደገና አሰመረችው።